አንድ መቶ አሥራ ሦስተኛው ቤት

፩

ባዶ ነበር።

አምስት አምስት መስመር አራት ጊዜ፣ ከላይ እስከ ታች ተሰምሯል። በግራ አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ በቀኝ አንድ ቀጥ ያለ መስመር፤ በመካከላቸው ግን ምንም የለም። ኖታ የለም። የዕረፍት ምልክት የለም። ነጥብ እንኳ የለም። ዘርጋው እንግዳሸት መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ። ባዶው እንደ ባዶ ጠበቀው። ጣቱን ወደ ገጹ መጀመሪያ መልሶ እንደገና ቆጠረ።

አንድ መቶ አሥራ ሁለት።

አንድ መቶ አሥራ ሦስት።

ከዚያ አጠገቡ የተዘረጋውን፣ ከአርባ ዓመት በፊት በገዛ እጁ የገለበጠውን ቅጂ ቆጠረ። በዋናው ጽሑፍ አንድ መቶ አሥራ አራተኛ የሆነው፣ በእሱ ቅጂ አንድ መቶ አሥራ ሦስተኛ ሆኖ ተቀምጧል። ባዶዋ የለችም።

፪

ነገሩ የሆነው በለንደን ከተማ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐዩ ገና ባልጠናበት ሰሞን ነው። ዘርጋው የሥልሳ ሰባት ዓመት ሰው ነው። ሥራው ኖታ መገልበጥ ነበር፤ «ነበር» የምንለው፣ ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ በእጅ የሚገለብጥለትን የሚፈልግ ደራሲ ከአንድ በቀር ስላልቀረለት ነው። ያችም አንዷ ኢዲት ካርዌል ናት፤ ሰማንያ አምስት ዓመት ሊሞላት አንድ ወር የቀራት፣ ለጥቂት መሣሪያዎች ረቂቅ ሙዚቃ ስትደርስ የኖረች እንግሊዛዊት። አራት ወጣቶች ለልደቷ ቀን ሁለተኛውን ኳርቴቷን፣ ማለት ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የደረሰችውን ሥራ፣ ሊጫወቱላት ተነሥተዋል። አሮጌዎቹ ቅጂዎች ተበጣጥሰዋልና ዘርጋው ከዋናው ጽሑፍ እንደገና እንዲገለብጥ አዘዘችው።

ሙዚቀኞች «ባር» የሚሉትን፣ በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች መካከል ያለውን ክፍል፣ ዘርጋው ከልጅነቱ ጀምሮ «ቤት» ይለዋል። እኛም እንዲሁ እንላለን።

፫

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ታሪክ በአንድ ትንፋሽ ቢነገር ያምር ነበር። ይሁን እንጂ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ነገር የጎደለውን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ተቆራርጦ ቀርቧል። ቁራጮቹ አሥራ አምስት ናቸው። ብትቆጥራቸው መልካም ነው። መቁጠር ቢሰለችህም አይክፋህ፤ ሳይቆጥሩ የኖሩ ብዙ ብልሆች እዚህ ውስጥ ታገኛለህ።

፬

*ለጀማሪ ኖታ ገልባጭ የተሰጠ መመሪያ*

ዋናውን ጽሑፍ ከፊትህ አቁም።

ብዕር ከማንሣትህ በፊት ቤቶቹን ቁጠር። ቁጥሩን በእርሳስ ጻፍ።

ለአራት ተጫዋቾች አራት ቅጂ ታዘጋጃለህ። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ብቻ ያያል፤ የጎረቤቱን አያይም። ስለዚህ አንተ በአንዱ ላይ ብትስት ሦስቱ ያጋልጡሃል። በአራቱም ላይ እኩል ብትስት ግን አራቱም አብረው ይስታሉ፤ አብረው የሳቱ ሰዎች ደግሞ የሳቱ አይመስላቸውም።

በራስህ ሐሳብ አታርም።

በራስህ ሐሳብ አታርም።

ይህ ሁለት ጊዜ የተጻፈው በስሕተት አይደለም።

፭

ዘርጋው ግን የተማረው እንዲህ አልነበረም።

በአገሩ፣ በአንድ የጦር ክፍል ማርሽ ባንድ ውስጥ፣ ትልቅ ጥሩምባ ነፊ ነበር። በቅሎ ረግጣው ሁለት የፊት ጥርሶቹ ሲወልቁ ጥሩምባውን ተቀበሉትና ብዕር ሰጡት። የባንዱ አዛዥ ሻምበል ወርዶፋ ነበሩ፤ ጢማቸው የተከረከመ፣ ቁጣቸው ያልተከረከመ ሰው።

አንድ ቀን ዘርጋው የገለበጠውን ማርሽ ይዘው መጡ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ባዶ ነው፣ ጌታዬ።»

«ባዶ መሆኑንማ ዐይን አለኝ። ወታደሩ እግሩን አንሥቷል። የት ያሳርፈው? አየር ላይ?»

«እንደ ዋናው ነው የገለበጥኩት፣ ጌታዬ።»

«ዋናውን የጻፈው ሰው እንቅልፍ ጥሎት ነው። አንተንም ጣለህ?»

ባንዱ በሙሉ ሳቀ። ጥርስ በሌለው አፍ መልስ መስጠት ያስቸግራልና ዘርጋው ወረቀቱን ተቀብሎ ባዶዋን ቤት ሰረዛት። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ለሁሉም ተጫዋች ባዶ የሆነ ቤት ሲያጋጥመው፣ የጸሐፊ መዘንጋት ነው ብሎ ይዘልለው ጀመር። በማርሽ ሙዚቃ ውስጥ ይህ ልማድ አንድም ቀን አላሳፈረውም። እግር ሁሉ በጊዜው መሬት ረገጠ።

በሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ሲላክ፣ ልማዱንም ይዞት ሄደ።

፮

*የርክክብ ቅጽ*

የሥራው ስም፦ ኳርቴት ቁጥር ሁለት

ደራሲ፦ ሚስ ኢ. ካርዌል

ገልባጭ፦ ዘ. እንግዳሸት (ተማሪ)

የቅጂ ብዛት፦ አራት

የቤቶች ብዛት፣ በቅጂው፦ 213

የቤቶች ብዛት፣ በዋናው፦

ከዋናው ጋር ያመሳከረ፦ ደራሲዋ ሆስፒታል ተኝተዋል

ቀን፦ የካቲት 1964 (በፈረንጅ አቆጣጠር)

አስተያየት፦ የለም

፯

አሁን ያች ባዶ ቤት ምን እንደ ነበረች መናገር ያስፈልጋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ጠላት አብራሪ የሌለው ቦምብ በለንደን ላይ ይሰድድ ነበር። ሲመጣ እንደ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ያጓራል። ማጓራቱ የሚያስፈራ አልነበረም፤ እያጓራ ካለፈ አልፏል። የሚያስፈራው ድምፁ በድንገት ሲቆም ነው። ያን ጊዜ እየወደቀ ነው፤ ግን በማን ላይ እንደሚወድቅ አይታወቅም። የሃያ አምስት ዓመቷ ኢዲት ካርዌልና ጓደኛዋ ራልፍ ሄስኬት፣ ቫዮሊን ተጫዋቹ፣ በአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ተቃቅፈው ያን ጸጥታ ቆጥረዋል። አሥራ ሁለት ሴኮንድ ሆነ። ቦምቡ በማዶው መንገድ ላይ ወደቀ። በማዶው መንገድ የኢዲት እናት ነበሩ።

ከሃያ ዓመት በኋላ ኢዲት ያን አሥራ ሁለት ሴኮንድ በኳርቴቷ መካከል አኖረችው። አንድ ቤት፤ ስምንት ዝግተኛ ምት። አራቱ መሣሪያዎች እያጓሩ መጥተው ይቆማሉ።

ራልፍ ረቂቁን አይቶ፣ «አውጪው» አላት። «እውነተኛውን የሰማ ሰው በአዳራሽ ቁጭ ብሎ ሊሰማው አይፈልግም። ያልሰማው ደግሞ አለቀ ብሎ ያጨበጭባል።»

«አላወጣውም» አለች።

ኢዲት ሳንባዋን ታማ ስትተኛ፣ ራልፍና ሦስት ጓደኞቹ በዘርጋው ቅጂ ተለማምደው በሬዲዮ ተጫወቱት። እሷ በሆስፒታሉ አልጋ ላይ ጆሮዋን ወደ ሬዲዮው አስጠግታ ጠበቀች። ማጓራቱ መጣ። ሊቆም ነው አለች።

አልቆመም።

በማግሥቱ ራልፍ አበባ ይዞ መጣ። ስለ ጎደለችው ቤት ስትጠይቀው ፊቱ በራ፤ «ምክሬን የሰማሽኝ መስሎኝ ነው እኮ፤ በቅጂው የለም» አላት። እሷ ግን የሚሣለቅባት መሰላት። ቅጂውን ላሳይሽ ቢል፣ «ማየት አያስፈልገኝም፤ ሰምቻለሁ» አለችው። ዳግመኛ አልተነጋገሩም። ኳርቴቱን ማንም እንዳይጫወተው ከለከለች፤ ዋናውን ጽሑፍ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ቅጂዎቹ በራልፍ እጅ ቀሩ።

ዘርጋው ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ባንዱ አልተመለሰም፤ እዚያው ቀርቶ የኢዲት ገልባጭ ሆነ። ሃያ ሦስት ሥራዎቿን ገልብጧል። ከኳርቴቱ ወዲህ ጸጥታን በቀይ ቀለም፣ በትልልቅ ፊደል ትጽፍ ስለ ነበር ሌላ ባዶ ቤት አላጋጠመውም። ያችን አንዷን መዝለሉንም በነጋታው ረስቶታል። በየሳምንቱ ግን፣ «ራልፍ አሥራ ሁለት ሴኮንዴን ሰረቀኝ» ስትለው፣ ጽዋውን እያስቀመጠ ይመልስ ነበር፦

«ሰው አይደሉም።»

፰

*እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በኢዲት ካርዌል ቤት የተባለው*

ኢዲት፦ ዘገየህ።

ዘርጋው፦ አውቶቡሱ ነው፣ ሚስ ካርዌል።

ኢዲት፦ አርባ ዓመት ሙሉ አውቶቡሱ ነው። ሥራው አለቀ?

ዘርጋው፦ እየተገባደደ ነው።

ኢዲት፦ ቶሎ በል። ልጆቹ ሲጫወቱልኝ ቁጭ ብዬ መስማት እፈልጋለሁ እንጂ ተጋድሜ አይደለም።

ዘርጋው፦ እንዲህ አይበሉ።

ኢዲት፦ ጋዜጣው ያለኝን አየህ? «አንጋፋዋ»። ሃምሳ ዓመት ሙሉ «ቁም ሣጥን ሲጎተት የመሰለ ሙዚቃ» ሲሉኝ ኖረው፣ ዛሬ አንጋፋ ሆንኩ። ሙዚቃው እኮ ያው ነው። ያረጀው ቁም ሣጥኑ ነው።

ዘርጋው፦ (ይስቃል። ሳቁን ሳይጨርስ ይተወዋል።)

ኢዲት፦ ያ ሰውዬ አሮጌዎቹን ቅጂዎች ላከ?

ዘርጋው፦ ልከዋል። ልጆቹ ጠይቀዋቸው፣ ካሉበት የአረጋውያን መኖሪያ በፖስታ ላኩ።

ኢዲት፦ ባዶዋን ቤት የፋቀበትን አየኸው?

ዘርጋው፦

ኢዲት፦ ሰውዬ፣ አንተን ነው። በምላጭ ነው የፋቀው ወይስ በላጲስ?

ዘርጋው፦ ገና... ልብ ብዬ አላየሁትም።

ኢዲት፦ ልብ ብለህ እይ። ከመሞቴ በፊት በምን እንደ ፋቀው ማወቅ እፈልጋለሁ።

፲

*ረቡዕ ጧት በዘርጋው ጠረጴዛ ላይ የነበሩ ነገሮች*

አራት አዲስ ቅጂ፤ እያንዳንዱ 214 ቤት። ባዶዋ በየቦታዋ ገብታለች።

ዋናው ጽሑፍ።

ማስመሪያና ቀለም፤ የጠፋ የመሰለው እርሳስ ግን በጆሮው ላይ ተሰክቷል።

አንድ ክብሪት። ዘርጋው ማጨስ ካቆመ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ምድጃው በኤሌክትሪክ ይሠራል።

አራት አሮጌ ቅጂ፤ እያንዳንዱ 213 ቤት። ከእነዚህ ውስጥ በአንደኛው ቫዮሊን ቅጂ ላይ፣ ባዶዋ ልትኖር ይገባት በነበረው ስፍራ፣ ከመስመሩ በላይ በራልፍ ሄስኬት እጅ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት ቃል አለች፦

ሰማችኝ።

፲፩

*የግርጌ ማስታወሻ፣ ከግርጌ መቆየት ያልቻለ*

አንባቢ ሆይ፣ ዘጠነኛው ቁራጭ የት ገባ?

ሳታስተውል አልፈኸው ከሆነ አትፈር። ከስምንት ወደ ዐሥር ስትሻገር እግርህ አልተደናቀፈም፤ ነገሩም የተቋረጠ አልመሰለህም። ልክ እንዲህ ነበር የሆነው።

ዘጠነኛው ቁራጭ ከእሑድ ማታ እስከ ረቡዕ ጧት ያለው ጊዜ ነው። ክብሪቱ የተገዛው በዚያ መካከል ነው። አሮጌዎቹ ቅጂዎች ቢቃጠሉ አዲሶቹ ትክክል ናቸውና፣ ጸጥታው በልደቷ ቀን በአዳራሹ ይሰማል፤ ኢዲት ትደሰታለች፤ ራልፍም ሌባ ሆኖ ይሞታል። ሌባ መባልን ደግሞ ለምዶታል። ለዘርጋው የቀረችው አንዲት ደንበኛ፣ የቀረችው አንዲት የሻይ ጽዋ፣ የቀረው አንድ ስም፣ ሦስቱም በአንድ ቤት ናቸው።

በእነዚያ ቀናት ምን እንዳሰበ ለማንም አልተናገረም። ክብሪቱ አንድ እንጨት እንኳ እንዳልጎደለው ብቻ ታውቋል።

፲፪

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዘርጋው ካፖርቱን ሳያወልቅ ከፊቷ ቆመ።

«ሚስተር ሄስኬት አልፋቁም» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ምን?»

«ባዶ ነበር። ሳይሞሉት የቀሩ መሰለኝ። ዘለልኩት፤ በአራቱም ላይ።»

ኢዲት እጇን ዘረጋች። የአንደኛውን ቫዮሊን ቅጂ ሰጣት። የማጉያ መነጽሯን አንሥታ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። የምላጭ ጭረት ፈለገች። የላጲስ ጥላ ፈለገች። ያገኘችው የአንድ ወጣት ሰው ንጹሕ፣ በጥንቃቄ የተጻፈ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ከአንድ መቶ አሥራ ሁለት ወደሚቀጥለው ያለ አንዳች እንቅፋት ይፈስሳል።

«ይህች በእርሳስ ያለችው ምን ትላለች? ዐይኔ አልያዛት አለ።»

የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ ዐውቃለች። ዘርጋው አነበበላት።

«ሰማችኝ።»

ኢዲት ማጉያውን በጉልበቷ ላይ አኖረች።

«የዕረፍት ምልክት ለምን አላደረግሽም ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች። «የዕረፍት ምልክት ተጫዋቹን ‹ዕረፍ› ይለዋል። ከዚያ ደረጃ ሥር ማን ዐረፈ? ስለዚህ ባዶ ተውኩት። ብልኅ ነኝ ብዬ ነበር።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የአንተ ነው። አትሻማኝ፤ የራሴን ወስጃለሁ።»

፲፫

«ስለዚህ» አለች ኢዲት፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «አርባ ዓመት ሙሉ የምሰድበው ሌባ፣ እፊቴ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ነበር።»

«አዎ።»

«‹ሰው አይደሉም› ሲልም ነበር።»

«ብያለሁ።»

«ውጣ።»

ዘርጋው አዲሶቹን ቅጂዎች ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስተካክሎ አኖረ። ዋናውን ጽሑፍም ከአጠገባቸው አኖረ። ወደ በሩ ሲሄድ ጉልበቱ እንደ ደረቅ ማጠፊያ ጮኸ። የበሩን እጀታ ያዘ። አርባ ዓመት ሲይዘው የኖረ እጀታ ነው፤ ወደ ግራ ካላዞሩት አይከፈትም።

«ዘርጋው።»

ቆመ፤ አልዞረም።

«ስልኩ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ሥር ነው። እኔ ማጎንበስ አልችልም።»

፲፬

ቁጥሩ ቅጂዎቹ በመጡበት ፖስታ ጀርባ ላይ ነበር። ዘርጋው ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ደወለ፤ ለማን እንደሆነ ተናገረ፤ ከዚያ የስልኩን እጀታ ሰጣት። የአረጋውያን መኖሪያው አስታማሚ ድምፅ እሱ ካለበት ድረስ ይሰማል።

«ሚስተር ሄስኬት የሚሰሙት በግራ ጆሯቸው ብቻ ነው፣ እናቴ። ቀስ ብለው ይናገሩ። ለመልስም ይታገሡ፤ አንዳንድ ቀን ይመልሳሉ፣ አንዳንድ ቀን አይመልሱም። ዛሬ የትኛው ቀን እንደሆነ አላወቅሁም።»

ወንበር ሲገፋ ተሰማ። ከዚያ ትንፋሽ ተሰማ፤ የሽማግሌ ትንፋሽ።

«ራልፍ» አለች። «ኢዲት ነኝ።»

ትንፋሹ ቆመ።

«አልሰረቅኸኝም። ቅጂው ላይ አልነበረም። ዛሬ አየሁት።»

ከማዶ ምንም አልመጣም። ዘርጋው መስመሩ የተቋረጠ መስሎት አፉን ሊከፍት ሲል፣ ኢዲት እጇን ከፍ አደረገች፤ በልምምድ ጊዜ ተጫዋቾችን ባሉበት የምታስቆምበትን ያንኑ እጅ። ከዚያ በጣቷ የወንበሩን ክንድ መታች፤ ዝግ ብላ፣ ልክ በዋናው ጽሑፍ ላይ እንዳዘዘችው። ዐይኗን ወደ ዘርጋው መለሰች። ገባው። ተንበርክኮ እንዳለ፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ቆጠረላት።

አንድ።

ሁለት።

ሦስት።

አራት።

አምስት።

ስድስት።

ሰባት።

፲፭

|                        |